ባሕር የሚሻገር ውጤት

በሐምሌ ወር፣ ዝናሙ በበረታበትና የትምህርት ቤቶች ደወል ዝም ባለበት ሰሞን፣ ወደ አንድ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ ሜዳው ጭር ብሎ መማሪያ ክፍሎቹም ተቈልፈው ሳሉ፣ በዋናው ሕንፃ ምድር ቤት ከምትገኝ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ ግን ወላጆችና ልጆች ጃንጥላቸውን አጥፈው ተራ ሲጠብቁ ያገኛል፤ ይህችም የተማሪዎች ውጤት የሚጠበቅባት ሪከርድ ክፍል ናት። ሦስቱን ግድግዳ የሸፈኑት መደርደሪያዎች ሮስተር የሚባሉትን ሰፋፊ መዛግብት ከዓመት ዓመት ተሸክመዋል፤ በእያንዳንዱም ገጽ ላይ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ወደ ታች ወርዶ፣ ከስሙ አንጻር የየትምህርቱ ውጤት፣ የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት አማካይና ተማሪው ከክፍሉ የወጣበት ደረጃ በየዓምዱ ሰፍሮ ይታያል።

«ትራንስክሪፕቱ ለሀገር ውስጥ ነው ወይስ ለውጭ?» ሲሉ የሪከርድ ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ለውጭ ነው ጋሼ» አሉ ከልጃቸው ጋር ተራ የደረሳቸው እናት። «ቨርጂኒያ ያለችው እኅቴ፣ ኮሌጁ የሚፈልገው ጂፒኤ ስለ ሆነ ከአራት ተሰልቶ ይምጣ ብላኛለች። እባክዎ እንደዚያ አድርገው ይጻፉልን።»

«እኛ ዘንድ ውጤት የሚያዘው ከመቶ ነው እትዬ። በመዝገቡ ላይ የሌለውን ቍጥር ጽፌ ማኅተም ላሳርፍበት አልችልም። ልጅዎ የደከመችበትን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ ከአራት ስንት እንደሚሆን ተቀባዮቹ ያስሉት።»

ልጅቱም እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ እነሱስ በምን ነው የሚያሰሉት?» አለች። ኃላፊው ጥቂት አሰቡና «እንደየኮሌጁ ነው ልጄ» ብለው መለሱላት። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአራት ዓመት ድካማቸውን በአንዲት ቅጠል ወረቀት ላይ አስጽፈው ወደ ባዕድ ሀገር ለሚልኩ ልጆቻችን ሁሉ ጉዳዩ የዕድላቸው በር ስለ ሆነ፣ ከዚህ ጠለቅ ተብሎ ሊመረመር የሚገባው ነው።

አስቀድሞ የእኛው ውጤት ከምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ተማሪ በመንፈቀ ዓመቱ ውስጥ የሚወስዳቸው አጫጭር ፈተናዎች፣ የቤት ሥራዎች፣ የቡድን ሥራዎችና የማጠቃለያው ፈተና ተደምረው ከ100 ይያዛሉ፤ የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት አማካይ የዓመቱ ውጤት ይሆናል፤ 50 ያመጣም አለፈ ይባላል። ከዚህ በኋላ የትምህርቶቹ ሁሉ ውጤት ተደምሮ ለትምህርቶቹ ብዛት ይካፈላል፤ በዚህም ጊዜ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ሒሳብና ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ያለው የሰውነት ማጎልመሻ እኩል ክብደት ይዘው ይቈጠራሉ። በመጨረሻም ተማሪው ከክፍሉ ልጆች መካከል ስንተኛ እንደ ወጣ ይጻፍለታል። እኛ ለዚህ ለደረጃው የምንሰጠው ክብር ከፍ ያለ ነው፤ ልጅ ካርዱን ይዞ ወደ ቤት ሲገባ ብዙ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት እንዳመጣ ሳይሆን ስንተኛ እንደ ወጣ ነው፤ ይህም ልማድ፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ከቍጥሩ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሆኖ ይገኛል።

የአሜሪካው ሥርዐት ከዚህ በሌላ መንገድ ይሄዳል። በዚያ እጅግ በተለመደው አሠራር 90ና ከዚያ በላይ ያመጣ ኤ፣ ከ80 እስከ 89 ያመጣ ቢ፣ ከ70 እስከ 79 ሲ፣ ከ60 እስከ 69 ዲ ይሰጠዋል፤ ከ60 በታች የቀረው ኤፍ ተብሎ ይወድቃል። ፊደላቱም በተራቸው ወደ ቍጥር ተመልሰው ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ደግሞ 0 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም በትምህርቱ ክሬዲት ተባዝቶና ተደምሮ ለክሬዲቶቹ ድምር ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ጂፒኤ ይባላል። ይህ ወሰን በሀገሪቱ ሁሉ በሕግ የተደነገገ አይደለም፤ አንዱ ትምህርት ቤት ኤን ከ93 ይጀምራል፣ ሌላው ፕላስና ማይነስ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ትምህርት ለወሰደ ተማሪ አንድ ነጥብ በላዩ ስለሚያክልለት ከ4 የሚበልጥ አማካይ ያለው ልጅ ይገኛል። እንግዲህ ለውጡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ቍጥር ወደ ፊደል፣ ፊደልም ዳግመኛ ወደ ቍጥር ይለወጣል፤ በእያንዳንዱም መሻገሪያ ላይ ከተማሪው ድካም ጥቂቱ ይቀራል።

ነገሩ በምሳሌ ይብራ። በአማርኛ 91፣ በእንግሊዝኛ 78፣ በሒሳብ 84፣ በፊዚክስ 79፣ በኬሚስትሪ 86 ያመጣች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ድምሯ 418፣ አማካይዋም 83.6 ነው። አንድ የዋህ ሰው ይህን አማካይ በቀጥታ ከ4 ቢያወጣው 3.34 ያገኛል። የአሜሪካውን የፊደል ወሰን የያዘ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛዋን ኤ፣ ሒሳቧንና ኬሚስትሪዋን ቢ፣ እንግሊዝኛዋንና ፊዚክሷን ሲ ብሎ፣ 4፣ 3፣ 3፣ 2 እና 2ን ደምሮ ለአምስት ሲያካፍል 2.8 ይሰጣታል። ሦስተኛው ሰው የሀገራችን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩበትን ሚዛን ያነሣል፤ በዚህ ሚዛን 85ና ከዚያ በላይ ያለው 4፣ ከ80 እስከ 85 ያለው ኤ ማይነስ ሆኖ 3.75፣ ከ75 እስከ 80 ያለው ቢ ፕላስ ሆኖ 3.5 ስለሚያዝ፣ ያችው ልጅ 3.75 ይዛ ትወጣለች። ከፊታቸው ያለው ወረቀት አንድ ሆኖ ሳለ፣ በ2.8 ብዙ ኮሌጅ ያመነታባታል፣ በ3.75 ደግሞ የነጻ ትምህርት ዕድል ለመጠየቅ ትደፍራለች።

ከዚህም የሚብስ አለ። በአምስቱም ትምህርት 80፣ 80 ያመጣ ሌላ ተማሪ በአጠገቧ እናስቀምጥ። አማካዩ ከእርስዋ በ3.6 ያነሰ ነው፤ ዳሩ ግን በአሜሪካው ወሰን አምስቱም ቢ ስለሚሆኑለት 3.0 አግኝቶ ይቀድማታል፤ ምክንያቱም እርስዋ በፊዚክስ በአንድ፣ በእንግሊዝኛ በሁለት ነጥብ ከወሰኑ በታች ስለ ቀረች ያ የጎደላት ሁሉ ይቈጠርባታል፣ በአማርኛና በኬሚስትሪ ከወሰኑ በላይ ያካበተችው ግን አይቈጠርላትም። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሚዛን ደግሞ ሁለቱም 3.75 ሆነው እኩል ይቆማሉ። የጥንቱ ነጋዴ እህሉን ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲያጓጕዝ ቁናው ከቁና እንደሚለያይ ያውቅ ስለ ነበር፣ ከመሸጡ በፊት የዚያን ገበያ መስፈሪያ ይጠይቅ ነበር፤ የትምህርት ውጤትን የሚቀበሉት ግን የመስፈሪያውን ልዩነት ሁልጊዜ አይጠይቁም።

እነዚህ ወሰኖች ከሰማይ እንዳልወረዱ ታሪካቸው ይመሰክራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1785 የየል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዕዝራ ስታይልስ 58 ተማሪዎችን ከመረመሩ በኋላ፣ 20ውን ምርጦች፣ 16ቱን ሁለተኛ ምርጦች፣ 12ቱን ዝቅተኞች፣ 10ሩን ደግሞ ከዚያም የባሱ ብለው በላቲን ስያሜ በአራት ማዕረግ ለይተው በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል። ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ በ1897 ፊደልን ከመቶኛ ጋር ባቆራኘ ጊዜ ደግሞ ኤ የሚሰጠው ከ95 ጀምሮ ነበር፤ ቢ ከ85 እስከ 94፣ ሲ ከ76 እስከ 84 ሲሆን፣ ዲ ለ75 ብቻ የተወሰነ፣ ከዚያ በታች ያለውም የወደቀ ነበር። ያች ባለ 83.6 ተማሪያችን በዚያ ዘመን በዚያ ኮሌጅ ብትገኝ ኖሮ በ91ዱ አማርኛዋ እንኳ ኤ ባላገኘች ነበር።

ከወሰኑም አስቀድሞ መቶኛው ራሱ ምን ያህል እንደሚጨበጥ በ1912 ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶች አባዝተው ለብዙ ትምህርት ቤቶች ላኩ፤ 142 መምህራን አርመው መለሱላቸው፤ ከሁለቱ ለአንዱ ወረቀት ብቻ የተሰጠው ውጤትም ከ64 እስከ 98 ድረስ የተዘረጋ ሆኖ ተገኘ። የቋንቋ ነገር ነው እንዲህ የሚያደርገው ያሉ ስለ ነበሩ በሚቀጥለው ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ላኩ፤ ልዩነቱ ከፊተኛው ሰፍቶ መጣ። ይህን ያየ ሰው፣ በ79ና በ80 መካከል የተሰመረው መስመር የአንድን ልጅ ዕድል ሊቈርጥ እንዴት እንደ ተፈቀደለት ሳይደነቅ አይቀርም።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በቍጥር ሳይሆን በምስክር ይሠሩ ነበር፤ ዛሬም ይሠራሉ። የድጓ ደቀ መዝሙር በየአድባራቱ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር ኖሮ፣ በመጨረሻ ጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ይወርዳል፤ የዝማሬ መዋሥዕቱም ደቀ መዝሙር ወደ ዙር አባ ይሄዳል። በዚያ በምስክር መምህሩ ፊት ቀለሙንና ዜማውን አሳይቶ ሲያስመሰክር፣ ከመቶ ይህን ያህል አመጣ የሚለው የለም፤ አስመስክሮ ወጣ ይባልለታል፣ ወደ ሌላ ደብርም ሲሄድ ከማን እንደ ተማረና የት እንዳስመሰከረ ይጠየቃል። የሰሚው እምነት የሚያርፈው በመምህሩ ስምና በጉባኤው ክብር ላይ ነው። የዚህ ሥርዐት ጕድለት ግልጽ ነው፤ ጉባኤውን የማያውቅ ባዕድ ሰው ከምስክሩ ምንም አይጠቀምም። ነገር ግን አንድ ታላቅ ጥበብ አለው፤ ምስክርነቱ ከመስካሪው ተለይቶ ብቻውን አይጓዝም። የዛሬው የትምህርት ቤት ውጤት ያጣው ይህን እንደ ሆነ አምናለሁ፤ በዚህም ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚሁ ነው።

በሀገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቍጥሩ አንድ ሚዛን የነበረው ለተወሰነ ዘመን ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚፈተኑት የለንደን ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ግን ሀገሪቱ የራስዋን የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና አቆመች፤ ሕዝቡም ማትሪክ ብሎ ጠራው። ማትሪክ በፊደል ታርሞ፣ ከአምስት ትምህርቶች ውጤት ከአራት ነጥብ አማካይ ይወጣለት ነበር፤ ስለዚህም የዚያ ትውልድ ሰዎች ሽበት ከወረሳቸው በኋላ እንኳ 3.4 ወይም 3.8 ማምጣታቸውን እንደ ማዕረግ ስም አንሥተው ይጫወታሉ። ጎሬ የተፈተነና ሐረር የተፈተነ ልጅ አንድ ወረቀት ተፈትነው በአንድ ሚዛን ይሰፈሩ ስለ ነበር፣ ያ ነጥብ ለሁሉም አንድ ነገር ይናገር ነበር። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል የመግቢያ ፈተና ማትሪክን ተኩ፤ የ10ኛ ክፍሉም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረ።

ዛሬ ወደ ውጭ የሚላከው ወረቀት በዋናነት የየትምህርት ቤቱ ሮስተር ግልባጭ ነው፤ በዚህም ላይ አንድ ጥላ አጥልቶበታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። እነዚህ ተፈታኞች ሁሉ ግን በየትምህርት ቤታቸው እያለፉ ነው እስከ 12ኛ ክፍል የደረሱት። ልዩነቱን ሁሉ ለትምህርት ቤቶች ቸርነት መስጠት ርትዕ አይሆንም፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የጦርነትና የወረርሽኝ ዘመን፣ የመምህራን ኑሮ ድቀት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ለተማሪው መልካም ያደረገ መስሎት 70 የሚገባውን 90 የሚሰጥ ትምህርት ቤት መኖሩን የማያውቅ ወላጅ የለም፤ በዚህም የሚጎዳው፣ 84ን በላቡ ያገኘው፣ በጥብቅ መምህር እጅ ያደገው ልጅ ነው። ባሕር ማዶ ያለው መርማሪ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅበት ምልክት በወረቀቱ ላይ አያገኝምና።

ይህን ችግር ለማቃለል በአሜሪካ ከውጭ ሀገር የመጡ ማስረጃዎችን የሚመረምሩ ድርጅቶች ተቋቁመዋል፤ ከእነዚህም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ በእኛ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው ነው። ድርጅቶቹ የየሀገሩን ሚዛን ለየብቻው አጥንተው፣ ትምህርት በትምህርት ክሬዲቱንና ፊደሉን አውጥተው ጂፒኤ ይሰጣሉ። ለዚህ ምርመራ ክፍያ የሚበቃ ገንዘብ ለሌለው ቤተ ሰብ ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ ብዙ ኮሌጆች ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካች ይህን አለመጠየቃቸው ነው፤ የየክፍለ ዓለሙን ትምህርት ቤቶች የሚያውቁ የራሳቸው አንባቢዎች ስላሏቸው፣ ዋናውን ወረቀት እንዳለ ላኩልን ይላሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ከውጭ ሀገር የሚያመለክት ተማሪ ውጤቱን በሀገሩ እንደ ተጻፈ እንዲያስገባ እንጂ ራሱ እንዳይለውጠው ያዛል። የዚህ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ስሌት የ9ኛ ክፍልን ውጤት ከአማካዩ ውጭ ስለሚያደርግ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ በእንግሊዝኛ መማሩ የከበደውና በኋላ የበረታ ልጅ ከዚህ ይጠቀማል።

ጀርመኖች ደግሞ በሌላ ቀመር ይሄዳሉ። በእነርሱ ዘንድ 1 ከሁሉ የበለጠው፣ 4 የማለፊያው መጨረሻ ነው። የባዕድ ሀገርን ውጤት ሲቀበሉ ከዚያ ሀገር ከፍተኛ ውጤት ላይ የተማሪውን ውጤት ይቀንሳሉ፤ ቀሪውን በከፍተኛውና በማለፊያው መካከል ላለው ልዩነት ያካፍላሉ፤ ያን በ3 አባዝተው 1 ይጨምሩበታል። ለተማሪያችን ከ100 ላይ 83.6 ሲቀነስ 16.4፣ ይህም ለ50 ተካፍሎ በ3 ሲባዛ 0.98፣ አንድ ሲጨመርበት 1.98 ይሆናል። ባለ 80ው ልጅ 2.2 ያገኛል፤ ስለዚህ በዚህ ቀመር የቀደመችው ትቀድማለች፣ የእኛም ማለፊያ 50 መሆኑ ታስቦልን ይቈጠራል። ቀመሩ በእኔ አስተያየት ከፊደሉ ይልቅ ለፍትሕ የቀረበ ነው፤ ይሁን እንጂ 100 በእርግጥ የሚሰጥ ውጤት እንደ ሆነ አድርጎ ስለሚያስብ፣ ከ90 በላይ ሰጥቶ የማያውቅ መምህር ያስተማረው ልጅ በዚህም ይበደላል።

እንግዲህ ወረቀቱን የሚልኩት ወላጅና ተማሪ ምን ያድርጉ? ከሁሉ በፊት፣ ከበይነ መረብ ላይ ባገኙት ማስሊያ ራሳቸው ጂፒኤ አውጥተው በማመልከቻ ላይ አይጻፉ፤ ከፍ አድርገው ቢጽፉ ዋናው ሲመጣ ይጋለጣል፣ ዝቅ አድርገው ቢጽፉም ራሳቸውን በድለዋል። ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይም ትምህርት ቤቱ ጂፒኤ የማያሰላ ከሆነ ቦታውን መተው ይቻላል። ቀጥሎ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ መሆኑ ይገለጽ፤ በ2016 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ፣ አቈጣጠሩ ካልተነገረ፣ በሕፃንነቱ ትምህርቱን የጨረሰ መስሎ ይታያል፤ ይህም ጥርጣሬ ይወልዳል። የአባትና የአያት ስም ከፓስፖርቱ ፊደል ጋር አንድ ይሁን። የማለፊያው ውጤት 50 መሆኑ፣ የክፍሉ ተማሪዎች ብዛትና የልጁ ደረጃ ሳይጻፍ አይቅር፤ «ከ62 ተማሪዎች 3ኛ» የሚለው አንድ መስመር፣ ከየትኛውም የነጥብ ቀመር ይልቅ ለባዕድ አንባቢ ብዙ ያስረዳዋል። ትምህርቱን ሳይጨርስ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ውጭ የሚሻገር ልጅም ይህንኑ ወረቀት አሳሽጎ ይያዝ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ አውራጃ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ለወላጆች መልእክቱን በአማርኛ ጭምር የሚያወጣ ስለ ሆነ፣ እናት አባት ቋንቋ ፈርተው ሳይጠይቁ አይቅሩ።

የሪከርድ ክፍል ኃላፊዎችንና ርእሳነ መምህራንን ግን ከዚህ በላይ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ከመቶ ወደ አራት እንዲለውጡ አይደለም፤ ኃላፊው ለእናቲቱ የሰጡት መልስ ትክክል ነበር። ልመናዬ፣ ከትራንስክሪፕቱ ጀርባ በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል በየትምህርቱ ከ90 በላይ፣ ከ80 በላይ፣ ከ70 በላይ ያመጡት ስንት እንደ ነበሩ የሚያሳይ አጭር ሠንጠረዥ እንዲታተም ነው። ይህ ቢደረግ፣ በፊዚክስ 79 ያመጣችው ልጅ ከዚያ ክፍል ሁለተኛ መሆንዋ፣ በሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ ባለ 95ቱ አርባ ልጆች መሆናቸው ያለ ሐሜትና ያለ ክስ ይታያል፤ አንባቢውም የሚያርፍበት መስካሪ ያገኛል። ለዚህ ሥራ አዲስ ፈተናም ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። በሮስተሩ ላይ ውጤቱ ሁሉ አስቀድሞ ሰፍሯል፤ የየክፍሉ ኃላፊ መምህር ደረጃውን ሲያወጣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቈጥሮ ሊጨርሰው ይችላል፣ የሚቀጥለውም ዓመት አመልካቾች ማመልከቻቸውን የሚልኩት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ በዚህ ክረምት ቢጀመር ይደርስላቸዋል።